እስክትረጋ ድረስ

ኅዳር 4

ወንድሜ፣

መልሱን ስላዘገየሁብህ አትቀየመኝ። የዩኒፎርም ሥራ እስካሁን አላለቀም፤ ሳሎኑን ሰማያዊ ጨርቅ ሞልቶት ሰው የሚቀመጥበት ወንበር የለም። አንተስ እንዴት ነህ? ዓይንህ ደህና ነው? የብየዳው ብርሃን ያቃጥለኛል ብለህ ነበር፤ ባለፈው ደብዳቤህ ግን ስለሱ ምንም አላልክም። ዝም ስትል እፈራለሁ።

እኛ ደህና ነን። ልጅህ ትበላለች። ቁጭ ብላ አይደለም እንጂ ትበላለች፤ አንዱን ጎርሳ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፣ አኝካ ትመለሳለች። ፌንጣ ብለህ ስም ያወጣህላት አንተ ነህ፤ ይኸው ስሟን አላሳፈረችም።

«ስለ እኔ ትጠይቃለች ወይ?» ላልከው፣ ልጅ ናት፤ ትጠይቃለች፣ ትረሳለች። በዚህ አትጨነቅ።

መምህሯ አስጠርታኝ ነበር። «መቀመጫዋ ላይ እሾህ አለ እንዴ?» አለችኝ። ሌሎቹ ገጹን ጽፈው ሲጨርሱ የኛዋ ቀኑን ብቻ ትጽፍና እርሳሷን ትፈልጋለች፤ እርሳሱ ጆሮዋ ላይ ነው። እጇም ከኪሷ አይወጣም። ክር፣ ቁልፍ፣ የጠመኔ ስባሪ፣ ከኔ ወለል ላይ የወደቀ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። መምህሯ እያወራች ስትነካካው ልጆቹ ሁሉ እሷን ያያሉ።

(ተነሥቼ ነበር። የመርፌውን ቆርቆሮ ደፍታዋለች። በማግኔት ለቀምነው፤ እሷ ማግኔቱን ወዳ ቆርቆሮውን እንደገና ደፋችው።)

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፤ ኪሶቿን ሰፋኋቸው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሌላ ምን አውቃለሁ? የኪሶቹን አፍ በጥሩ ስፌት፣ ክሩ እንዳይታይ አድርጌ ዘጋሁት። ጠዋት እጇን ልትከት ስትል አጣችው። ቀና ብላ አየችኝ።

እዚያ ለሠራተኞች ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ ብለህ ስትጽፍ አንተ የተደሰትከውን ያህል እኔ ደነገጥኩ። ድልድይ የሚሠራበት ቦታ ገደል ነው። ይህች ልጅ መንገድ ስታቋርጥ ወፍ የምታይ ናት። እንደተባባልነው እስክትረጋ ድረስ እኔ ጋ ትቆይ። የረጋች ዕለት እኔው ራሴ አዘጋጅቼ እልካታለሁ።

እህትህ


ኅዳር 23

እትዬ፣

ሲሚንቶ የሚያመጣልን ሹፌር ደብዳቤሽን በእጁ እየመዘነ ነው የሰጠኝ። «ከብዷል፤ ወይ ምክር ነው ወይ ስድብ» አለኝ። ዓይኔ ደህና ነው፤ አዲስ ጭምብል ሰጥተውናል። ስልክ አትጠብቂ፤ እዚህ ሸለቆ ውስጥ ስልክ ሰዓት ማያ ነው።

ክፍሌ የቆርቆሮ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት አልጋ። ሁለተኛውን ከመጋዘን ጠይቄ ነው ያመጣሁት፤ ልጄ ትመጣለች ብዬ። ፍራሹ ላይ የሥራ ልብሴን እንኳ አላኖርም። ጓደኞቼ ሲመጡ እዚያ ላይ እንዳይቀመጡ ቀድሜ የኔን አሳያቸዋለሁ። ለምን እንደሆነ ለራሴም አልገባኝም። ያልመጣ ሰው አልጋ ይቆሽሻል?

«ትጠይቃለች፣ ትረሳለች» ብለሻል። እየደጋገምኩ አነበብኩት። የመጀመሪያውን ቃል ልያዝ ወይስ የመጨረሻውን? እናቷ ስታርፍ ገና ቆማ መሄድ መጀመሯ ነበር፤ እሷን አታስታውስም። እኔን የምታስታውሰኝ በምኔ ይሆን? በድምፄ ነው? በሄድኩበት ጠዋት ለብሼው በነበረው ሹራብ ነው? ወይስ ደብዳቤ ሲመጣ ብቻ የሚኖር ሰው ሆኛለሁ?

ኪሷ ውስጥ ከነበሩት ክሩን፣ ቁልፉንና ጠመኔውን ጽፈሻል። ሌላስ ምን ነበር?

ትቆይ ብለሻልና ትቆይ። አንቺ ነሽ የምታውቂያት። አንድ ነገር ግን ንገሪኝ፤ ውሃ ሲረጋ አይቻለሁ፣ ወተት ሲረጋ አይቻለሁ፣ ልጅ ስትረጋ ምን ትመስላለች? መርጋቷን በምን እናውቃለን?

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 17

ወንድሜ፣

ነገረህ አይደል? የዚያ ሹፌር አፉ እንደ መኪናው ነው፤ ፍሬን የለውም። ልነግርህ ነበር ብልህ አታምነኝም። እኔም ራሴን አላምነውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእረፍት ሰዓት ከትምህርት ቤት ወጣች። ማንም አላያትም። እኔ የሰማሁት ልጆቹ ሁሉ ወደ ቤታቸው ሲገቡ የሷ ወንበር ላይ ቦርሳዋ ብቻ መቅረቱን ነው። ስለዚያ ከሰዓት በኋላ አልጽፍልህም፤ ብጽፈው እንደገና መኖር ይሆንብኛል። ሲመሽ ለእናንተ ሲሚንቶ የሚጫንበት ግቢ ውስጥ፣ በዚያው ሹፌር መኪና ጋቢና ውስጥ መሪ ይዛ ተገኘች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«አባባ ጋ። የምጠይቀው ነገር አለኝ።»

«ምንድን ነው የምትጠይቂው?»

አሰበች። ግንባሯን ቋጥራ በጣም አሰበች። «ረሳሁት» አለችኝ። «ስደርስ ትዝ ይለኛል።»

ሹፌሩ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ከዚያ መኪናው ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ማቆም አቃተኝ። ሳቁን አይደለም።

እንግዲህ «ትጠይቃለች፣ ትረሳለች» ያልኩህን ሰርዘው። ማበጠሪያዋን ትረሳለች፣ የሰኞን ትምህርት ትረሳለች፣ አንድ ጊዜ በልታ መብላቷን ረስታለች። አንተን ግን ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት ትጠይቀኛለች። ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ ብዬ ነው የዋሸሁህ።

ኪሶቿን ፈትቻቸዋለሁ። እጇ መግቢያ ሲያጣ የጎኗን ስፌት መተርተር ጀምራ ነበር፤ ቀሚሷ በሳምንት ውስጥ ተበጣጠሰ። እጅ ሥራ ይፈልጋል። ይህን ከሌላ ሰው ይልቅ እኔ ማወቅ ነበረብኝ። ሌላስ ምን ነበር ላልከው፣ አንድ የጠፋ የጥርስ ብሩሽ፣ ሁለት የደረቀ ባቄላና ካንተ ፖስታ ላይ የተላጠ ቴምብር።

ጎረቤታችን «ሞተር ውጣለች፤ ነዳጇ እስኪያልቅ ታገሺ» ትለኛለች። ባሏ ደግሞ በልምጭ ይመክራል። መምህሯ ግን ከጠፋች ወዲህ ሌላ ሰው ሆናለች። «ይህች ልጅ ባለጌ አይደለችም። ብልግና ቢሆን ስቆጣት ታቆም ነበር። ሐኪም ይያት» አለችኝ። ወስጄ ቀጠሮ አስያዝኩ። ለሚቀጥለው ከአባቷ ጠይቀሽ ነይ የተባልኩት አለ፤ አወላለዷ እንዴት ነበር? ሕፃን ሳለች እንቅልፏስ? ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ? ሳትሸሽ መልስልኝ።

እህትህ


ጥር 6

እትዬ፣

እንደ ተማሪ በተራ ልመልስ። በጊዜዋ ነው የተወለደችው፣ ሳታስቸግር። ከመወለዷ በፊት እናቷ «ሆዴ ውስጥ ገበያ ቆሟል» ትል ነበር። እንቅልፏ ቀላል ነበር፤ በር ሲከፈት ሳይሆን ሰው በሩን ሊከፍት ሲያስብ የምትነቃ ይመስለኝ ነበር።

«ከቤተሰቡ እንዲህ ያለ ሰው ነበር ወይ?» ይህን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ጠዋት ጠዋት አንደኛውን ጫማዬን ከአልጋ ሥር ስታወጪልኝ የነበርሽው ማን ነሽ? ክፍል ውስጥ የሆነውን ሁሉ ረስቼ ስመጣ የቤት ሥራውን ከጎረቤት ልጅ እየጠየቅሽ ያመጣሽልኝስ? ለሐኪሟ ነበር በያት። አሁንም አለ በያት።

ስለዚህ ነገር አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ሌላ የማስበው የለኝም። ጭምብሉን ሳወርድ ዓለም የምስር ፍሬ ታህላለች፤ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ። እዚያች ውስጥ ማንም አይጠራኝም፣ ምንም የጠፋብኝ ነገር የለም። ሳነሣው ፎርማኑ አጠገቤ ቆሟል፤ «ምሳ አለፈ እኮ፣ አንተ ደንቆሮ!» ይለኛል። ከጭምብሉ ውጪ ግን መፍቻዬን የት እንዳስቀመጥኩ አላውቅም። ጓደኞቼ መፍቻዬን በገመድ ከወገቤ ጋር አስረውልኛል። ቀልድ ብለው ነው ያሰሩት፤ እኔ አልፈታሁትም።

ለሷም እንዲህ ያለ ነጥብ ይኖራት ይሆን? ተመልከችልኝ። እንዳታስደነግጫት፣ ከሩቅ።

«ስደርስ ትዝ ይለኛል» ያለችውን አልረሳውም። ብረቱ ላይ ተንጠልጥዬ ጥያቄዋን ልገምት እሞክራለሁ። የተለያየ ጥያቄ አወጣለሁ፤ ለአብዛኞቹ መልስ የለኝም።

ሐኪሟ ምን አለች? ሁሉንም ጻፊልኝ። መቼ ትረጋለች?

ወንድምሽ


የካቲት 2

ወንድሜ፣

ሐኪሟ ወጣት ናት። ፌንጣ ጠረጴዛው ሥር ስትገባ «ውጪ» አላለቻትም፤ ራሷ ጎንበስ ብላ እዚያው አወራቻት። ከመምህሯ የተላከውን ሰማች፣ ያንተን መልስ ሰማች፣ የኔንም ሰማች። በመጨረሻ «ትኩረት የመሰብሰብና የመረጋጋት ችግር ሊሆን ይችላል» አለችኝ። ሊሆን ይችላል ነው ያለችው። በደም ምርመራ የሚታይ ነገር አይደለም፤ ደጋግማ ልታያት ትፈልጋለች። መድኃኒት ያስፈልጋት እንደሆነም ያኔ እንነጋገራለን ብላለች። «ስንፍና አይደለም» አለችኝ፤ «የእርስዎም ጥፋት አይደለም።» ይህን ስትል ኮቴን የምቆልፍ መስዬ አቀረቀርኩ።

«ጫማሽን አድርጊ፣ ቦርሳሽን ያዢ፣ በሩን ዝጊው» ስላት በሩን ዘግታ በባዶ እግሯ ቆማ አገኛት ነበር። ለካ የደረሳት የመጨረሻው ብቻ ነው። እኔ ንቀት ይመስለኝ ነበር። አሁን አንዱን እነግራትና እስኪያልቅ ዝም እላለሁ። መጠበቅ ከባድ ሥራ ነው፤ ምላሴን ነክሼ ነው የምጠብቀው። የጠዋት ሥራዋንም በካርቶን ቆርጠን በሩ አጠገብ ሰቅለነዋል፤ ጫማ፣ ማበጠሪያ፣ ቦርሳ። ሥዕሉን የሣለችው እሷ ናት። ማበጠሪያው ዓሣ ይመስላል፤ ግን ታውቀዋለች።

መምህሯ ከመስኮቱ አንሥታ ፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለች፤ ደብተር የምታድለውም እሷ ናት፣ እግሯ ሥራ እንዲያገኝ። ቤት ደግሞ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ቆማ ታነባለች። በአንድ እግር። ከተቀመጠችበት ይልቅ ቆማ ያነበበችው ይገባታል፤ ለምን እንደሆነ እኔን አትጠይቀኝ።

ነጥቧን አይቻለሁ። ቁልፍ ስትተክል ነው። ሸሚዝ ሰጥቻት ወደ ጓዳ ገባሁ፣ ጠራኋት፣ አልሰማችኝም። በበሩ ስንጥቅ አየኋት፤ ምላሷን ወደ ውጭ አውጥታ፣ ትከሻዋ ወርዶ፣ አንተን። አንተን ነው ያየሁት።

በሩ ላይ የተሰቀለው ሥዕል ሁሉን ነገር አስተካከለው ብለህ እንዳታስብ። ትናንት ለደንበኛ ያለቀ ቀሚስ እጅጌ ሰንጥቃ «ክንፍ ነው» አለችኝ። ጮህኩባት። መንደሩ እስኪሰማ ጮህኩባት። በኋላ ይቅርታ ስጠይቃት «ለምኑ?» አለችኝ። እሷን አልፏታል። እኔን ገና አላለፈኝም።

መቼ ትረጋለች ላልከኝ፣ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። የመለሰችልኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። ልብስ የሚረከብ ሰው በር ላይ ቆሟል።

እህትህ


መጋቢት 1

እትዬ፣

ካለፈው ደብዳቤሽ በኋላ የላክሻትን አጭር ወረቀት አገኘሁ። ስለ አየሩ ጽፈሻል። ስለ ጎረቤትሽ ጉልበት ጽፈሻል።

የጠየቅሁሽን ታውቂዋለሽ። ደግሜ አልጠይቅም ብዬ ነበር፤ ይኸው እየጠየቅሁ ነው። ሐኪሟ ምን አለችሽ? ክፉ ነገር ከሆነ ክፉውን ንገሪኝ። ገደል ላይ የሚሠራ ሰው የሚፈራው የማያየውን ነው።

የመጋዘኑ ኃላፊ አልጋውን እየጠየቀኝ ነው። አዳዲስ ሠራተኞች ሊገቡ ነው፤ መሬት ላይ የሚተኛ ሰው እያለ ባዶ አልጋ ይዤ መቀመጥ ያሳፍራል። «ልጅህ ትመጣለች ወይስ አትመጣም?» አለኝ። እሱ ክፉ ሰው አይደለም። መልስ ነው የፈለገው፤ እኔ ነኝ የሌለኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ታገሠኝ ብዬዋለሁ።

አትመጣም ከሆነ በግልጽ ጻፊልኝ። እመልሰዋለሁ።

ወንድምሽ


መጋቢት 19

ወንድሜ፣

አልጋውን እንዳትመልስ።

«መቼ ትረጋለች?» ብዬ ሐኪሟን ስጠይቃት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እስክትረጋ የሚጠብቁት ምን ለማድረግ ነው?» አለችኝ። አባቷ ጋ ልልካት አልኳት። ፌንጣ መጋረጃው ውስጥ ራሷን ስትጠቀልል አየቻት። «ታዲያ አባቷን ለማግኘት መጀመሪያ ሌላ ልጅ መሆን አለባት ማለት ነው?» አለችኝ።

ሌላም ብላኛለች። እያደገች ስትሄድ ሊቀላት ይችላል፤ ከረዳናት መንገዱን ትለምደዋለች። እኔ በምለው ዓይነት ግን ላትረጋ ትችላለች። አሁን ያለችው ልጅ ናት ልጅህ። የምትጠብቀው ሌላዋ አትመጣም።

ይህን ከሰማሁ ጀምሮ ይዤው ቆየሁ። ለምን? አንዳንዴ ልብስ ሰፍቼ እጨርስና ባለቤቷ ስትመጣ «ገና ነው፤ ጠርዙ ይቀረዋል» እላታለሁ። ጠርዙ አልቋል። ልብሱ መስቀያው ላይ ሆኖ ሳየው ደስ ስለሚለኝ ነው። ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አላገኘሁም።

ሹፌሩ በሚቀጥለው ጉዞ ሚስቱን ይዞ ይመጣል፤ ፌንጣ መካከላቸው ትቀመጣለች። መምህሯም ሐኪሟም ይሁን ብለዋል። ሐኪሟ ለቀጠሮዋ እንድታመጣት ትፈልጋለች፤ አደራ። አሁን የምነግርህን ልብ አድርገህ ያዝ፤ አንተም ትረሳለህና ግድግዳህ ላይ ለጥፈው።

አንድ ነገር ብቻ እዘዛት። ከሩቅ አትጥራት፤ ሄደህ ትከሻዋን ነካ አድርጋትና ዓይኗን ስታይ ተናገር። ጥሩ ስታደርግ እዚያው በዚያው ንገራት፤ ማታ ብትነግራት የሌላ ሰው ወሬ ይሆንባታል። ገደሉን በተመለከተ ብቻዋን አትተዋት። «ተጠንቀቂ» አትበላት፤ «ተጠንቀቂ» ለሷ ምንም ማለት አይደለም። መሬቱ ላይ በቀለም አሥምርላት። መስመር ታከብራለች፤ ጨርቅ ቤት ነው ያደገችው።

አንተም ስትቆጣ እንደኔ ትጮህ ይሆናል። ከጮህክ ይቅርታ ጠይቅ፤ ቢገርማትም ጠይቅ።

(ተነሥቼ ነበር። ሻንጣዋን እንደገና አራግፋዋለች። ውስጡ ገብታ «ልክ ነኝ» ትለኛለች።)

እህትህ


ሚያዝያ 28

እትዬ፣

«ቤቱ ጸጥ ብሎልኛል፤ ሥራዬን በጊዜው እጨርሳለሁ፤ ተኝቼ አድራለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ለሹፌሩ አነበብኩለት። «በጣም ጥሩ ነኝ ያለች ሴት ጋ ቶሎ ሂድ ትላለች ሚስቴ» አለኝ። አንዴ በቃል ደብቀሽኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በጸጥታ ነው የምትደብቂኝ።

ረጋች ወይ ብለሽ ስላልጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ። አልረጋችም። እዚህ በደረሰች ሳምንት አንድ ጫማዋ ሲሚንቶ ውስጥ ቀረ፤ ድልድዩ እስካለ አብሮት ይኖራል። የሠራተኞቹን ልጆች የምታስተምረው የመሬት ቀያሹ ሚስት ናት፤ መጀመሪያ «ይህቺን ወይ እኔን» ብላኝ ነበር። ሄጄ አንቺ ያልሽኝን ሁሉ ነገርኳት። አሁን በየክፍለ ጊዜው ውሃ አምጪ ብላ ትልካታለች። ባልዲው ሲመጣ ግማሽ ነው፤ ልጅቷ ግን ሙሉ ሆና ትመለሳለች ትለኛለች።

ቢጫ መስመር አሥምሬላታለሁ፤ ከመስመሩ ወዲያ አጥር አለ፣ ወዲህ ደግሞ እኔ ወይም የቀያሹ ሚስት አለን። ጠርዙ ላይ ትቆማለች። የእግሯ ጣቶች ብቻ ያልፋሉ። አንድ ቀን ጮህኩባት። ይቅርታ ጠየቅኋት። «ለምኑ?» አለችኝ።

ልትጠይቀኝ የነበረውን እስካሁን አልጠየቀችኝም። ሌላ ሺህ ጠይቃኛለች። ብረት ያልበዋል ወይ? ወንዙ ቀን ቀን የት ይሄዳል? እናቴ ቁጭ ማለት ትችል ነበር? አልጋዋ ላይ በቁመቷ ተኝታ አታውቅም፤ በአግድም ነው፣ እግሯ ግድግዳው ላይ። ከእንቅልፌ ስነቃ ትንፋሿን እሰማለሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ሳልሰማው ተኛሁ?

ስለ አንቺ ትጠይቃለች። እንዳንቺ አልዋሽሽም። ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት «እትዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። በቅርቡ ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት፤ ሐኪሟ ቀን የሌለው ቃል አይገባትም ብላለች። አላውቅም አልኳት። ግንባሯን ቋጥራ አሰበች።

ትናንት ምሳ ላይ ከመመገቢያ አዳራሹ ጥግ አንድ በርጩማ ጎትታ አምጥታ አጠገቧ አስቀመጠች። ሹፌሩ መንገድ አድክሞት ገባና ሳህኑን ይዞ ቁጭ አለበት።

«ተነሥ» አለችው። «የእትዬ ነው።»

«እትዬ እኮ ሩቅ ናት፣ የኔ ልጅ።»

«አውቃለሁ» አለችው። «ተነሥ።»

ሳቀ፣ እኔን አየኝ፣ እኔ ወደ ሳህኔ አየሁ። ከዚያ ተነሣና ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ በላ። እሷ ሳትነሣ ሳህኗን ጨረሰች።

ወንድምሽ